ስለ ጭነት መኪናና ስለ ጢሱ

ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፤ ከጅቡቲ ወደብ ወደ አገራችን ከሚገባው ስንዴ፤ ማዳበሪያና ብረት አብዛኛው የሚመጣው በተሳቢ መኪና ነው። ጢስ የሌለው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፤ ሐዲዱ ከነጋዴው መጋዘን ደጅ አይደርስምና መኪናው ተፈላጊነቱን አላጣም። መኪናውን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ጢሱን ነው።

ጥቁር ጢስ የሞተር ጉልበት ምልክት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ሞተሩ በቂ አየር ሳያገኝ ሲቀር፤ ወይም ኖዝሉ ተበላሽቶ ናፍጣውን አድቅቆ መርጨት ሲያቅተው፤ በሚገባ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ በአየር የሚበተነው የባለ መኪናው ገንዘብ ነው። ከጥላሸቱም እጅግ ደቃቁ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዱት እስከ ሳንባ ውስጥ ይዘልቃል፤ አስም ያለበትን ሕፃን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ልብንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 ዓ.ም. የናፍጣን ሞተር ጢስ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መድቦታል።

የአየር ፊልትሮውን በጊዜው መለወጥ፤ ኖዝሉን በመካኒክ ማስመርመርና ከልክ በላይ አለመጫን ጢሱን ይቀንሳል። ከሁሉ የሚቀለው ግን መኪናው በቆመ ጊዜ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ ባትሪው የደከመበት ሾፌር ይህን እንደማይወድ እናውቃለን።

መምህራን ሆይ፤ በትምህርት ቤታችሁ አጥር አጠገብ ሞተሩን ሳያጠፋ ጭነት የሚያራግፍ መኪና ብታዩ፤ ቀርባችሁ «እባክዎ፤ ለልጆቹ ሲሉ ሞተሩን ቢያጠፉልን» በሉት፤ እስኪያጠፋም ድረስ በዚያ በኩል ያሉትን መስኮቶች ዝጉ።