ለፊልም ያልተጻፈው የፊልም ሙዚቃ

ሙላቱ አስታጥቄን ከዓለም የፊልም ተመልካች ጋር ያስተዋወቋቸው ለፊልም ያልጻፏቸው ዜማዎች ናቸው። ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ለወጣው ፊልሙ «ብሮክን ፍላወርስ» የመረጣቸው «የከርሞ ሰው»፣ «የገሌ ትዝታ» እና «ጉብልዬ» ከተቀረጹ ሠላሳ ዓመት ገደማ አልፏቸው ነበር። በመካከሉ የረሳናቸው እኛ ነን፤ ከመረሳት ያወጣቸው በ1998 በፈረንሳይ የታተመው «ኢትዮፒክ» ቁጥር 4 አልበም ነው።

ሙላቱ በ1943 ጅማ ተወለዱ። ወደ ዌልስ የተላኩት ምህንድስና ይማራሉ ተብሎ ነበር፤ ሙዚቃ ወሰዳቸው። ከለንደኑ ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ወደ ቦስተኑ በርክሊ ተሻግረው ቫይብራፎን ያዙ፣ በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን አሳተሙ።

ኢትዮ ጃዝ የሚሉት ሥራቸው አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ቅኝታችን የሚቆመው በአምስት ድምፅ ነው፣ የጃዝ ኅብረ ድምፅ ግን አሥራ ሁለቱንም ይፈልጋል። ብዙ ከጫኑበት ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ ድምፆች ይተዉትና ሌላውን ከሥሩ ያሰናዱታል። «የከርሞ ሰው» ላይ ቤዙ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ይዞራል፤ ነፋሾቹ ዜማውን አንስተው፣ ሳይቸኩሉ፣ መልሰው ያስቀምጡታል።

በፊልሙ ዶን የሚባል ሰው ልጅ እንዳለው የሚገልጽ ስም የለሽ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ዊንስተን የድሮ ፍቅረኞቹን ፈልግ ብሎ ያስነሳዋል፣ ለመንገዱም ሙዚቃ በሲዲ ቀርጾ ይሰጠዋል። መኪናው በተነሳ ቁጥር የሙላቱ ዜማ ይነሳል። የደብዳቤው ጸሐፊ ሳይታወቅ ፊልሙ ያልቃል።

ይህ ሙዚቃ የመንገድ ሙዚቃ መሆኑን የተጠራጠረ ባሌ ውስጥ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ ይክፈተው። ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሞ፣ መንገዱ ወደ ሪራ ቁልቁል እስኪሰበር ድረስ ሜዳው አይለወጥም፤ ቤዙም አይለወጥም። ሮቤ ከተማ ውስጥ፣ ባጃጁ ሁሉ ጡሩምባ በሚነፋበት ሰዓት፣ ያን ያህል አይሰምርም።

ብዙዎቹ የአገራችን ፊልሞች ገጸ ባሕሪው ገና ሳያለቅስ ማሲንቆና ዋሽንት ያስለቅሱልናል። ጃርሙሽ ግን ዶን አዘነ ወይስ ተሰላቸ የሚለውን ለተመልካቹ ትቶታል፤ የሙላቱ ዜማም ሁለቱንም ይችላል።