ከሣጥን ወደ አደባባይ፦ ሥዕልን ለሕዝብ የማሳየት ድፍረት ከየት ይመጣል?

በየከተማውና በየገጠር ቀበሌው ሥዕል የሚሥሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የደብተራቸውን ጀርባ በእርሳስ ሥዕል የሞሉ ተማሪዎች፣ ከሥራ መልስ ሸራ ወጥረው ቀለም የሚቀቡ መምህራን፣ ከብት ሲጠብቁ ከጭቃ በሬና ፈረስ የሚሠሩ ልጆች በየአካባቢው ይገኛሉ። ሥራቸውን ከቤተሰብ ውጭ ላለ ሰው ለማሳየት የደፈሩት ግን ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኛው ሥዕል ከአልጋ ሥር ወይም ከሣጥን ውስጥ ሆኖ ይቀራል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ገና አልበሰለም" የሚል ነው። መልሱ እውነትነት ሊኖረው ይችላል፤ ከጀርባው ግን ይሉኝታ አለ። ይሉኝታ ሰውን ከነውር የሚጠብቅ መልካም አጥር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ነውር የሌለበትን ሥራ ሁሉ "ሰው ምን ይለኛል" በሚል ሚዛን መመዘን ሲጀመር አጥሩ እስር ቤት ይሆናል።

የፍርሃቱ ሥር ከግለሰብ ዓይን አፋርነት ይልቃል። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ኅብረተሰቡ ያለ እነርሱ ሥራ ውሎ ማደር የማይችል ሆኖ ሳለ ለዘመናት በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። በምንቸታቸው ወጥ እየተሠራ፣ በማረሻቸው መሬት እየታረሰ "ቡዳ" ተብለው ከጋብቻ ተገልለዋል። አዝማሪም ቢሆን በሠርጉ እየተፈለገ ስሙ መናቂያ ሆኖ ቆይቷል። አንድ ወላጅ ልጁ "ሠዓሊ እሆናለሁ" ሲለው ፊቱ የሚጠቁረው ስለ እንጀራው በማሰብ ብቻ አይደለም፤ ይህም ውርስ አለበት።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሌላ ልማድ አስተምሯል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ወይም በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ የሚመለከት ሰው በሥራው መደነቁ አይቀርም። በብዙ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ወጪውን ችሎ ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ ከሥዕሉ ግርጌ ተሥሎ፣ ስሙም ተጽፎ ይገኛል፤ የሣለው እጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስም አልፏል። ሠዓሊው ምን እንደሚሥል፣ ቅዱሳኑን በምን አኳኋን እንደሚያቆም ትውፊቱ ይነግረዋል። ስለዚህ ሥዕሉ በሕዝብ ፊት ሲቆም ለእይታ የቀረበው የሠዓሊው የግል ሐሳብ አይደለም። የዛሬው ሠዓሊ ይህ ከለላ የለውም፤ ያየውን፣ ያሰበውንና የመረጠውን በስሙ ፈርሞ ነው የሚያቀርበው። ትችቱም በቀጥታ ወደ እርሱ ይመጣል።

ይህን መንገድ ቀድመው ከጠረጉት አንዱ የአንኮበሩ ተወላጅ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በ1932 እ.ኤ.አ. የተወለዱት አፈወርቅ በ1947 ወደ ብሪታንያ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ሥነ ጥበብ አዘንብለው በለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያ የግል የሥዕል ዐውደ ርእያቸውን ሲያቀርቡ ገና የ22 ዓመት ገደማ ወጣት ነበሩ። መሐንዲስ ሆኖ እንዲመለስ ተልኮ ሠዓሊ ሆኖ የተመለሰ ወጣት ሥራውን በዋና ከተማው አዳራሽ መስቀሉ ቀላል እርምጃ አይደለም። በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘውና 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የታወቀው የባለቀለም መስታወት ሥራቸው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለሕዝብ የቀረቡት ታላቁን ሥራ ከሠሩ በኋላ ቢሆን ኖሮ ያን ሥራ የሚሰጣቸው ሰው ባልተገኘ ነበር።

የሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ታሪክ ደግሞ የትችትን ነገር ያሳያል። ሐረር የተወለዱት ገብረ ክርስቶስ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ናቸው። የጀመሩትን የግብርና ትምህርት ትተው በጀርመን ኮሎኝ ሥነ ጥበብን አጥንተዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚናገሩ ረቂቅ ሥዕሎችን ሲያሳዩ "ይህ ኢትዮጵያዊ አይደለም" የሚል ነቀፌታ ገጠማቸው። እርሳቸው ግን ሥዕሎቹን ከግድግዳ አላወረዱም፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማራቸውንም ቀጠሉ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ በስማቸው የተሰየመ ሙዚየም አለ። ሁሉም የተነቀፈ ሠዓሊ ተሸላሚ ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ ነቀፌታው ትክክል የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚለየው ግን ሥራው ከታየ በኋላ ነው።

ድፍረትን ለመማር ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በቅዳሜ ገበያ መሶብና ሰፌድ ይዛ የምትቀመጥ ባለሙያ በየሳምንቱ ዐውደ ርእይ ታሳያለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገዢው ሰፌዱን አንሥቶ ይገለብጠዋል፤ ስፌቱ ላልቷል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ዋጋው ተወድዷል ይላል። እርሷም አንዳንዱን ትመልሳለች፣ አንዳንዱን ሰምታ ታልፋለች፣ ትክክል የሆነውን ደግሞ ለሚቀጥለው ስፌት ትይዘዋለች። ትችቱ ስለ ሰፌዱ እንጂ ስለ እርሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሠዓሊው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ሰፌድ ቢያንስ እህል ያነፍሳል፤ ሥዕል "ለምን ይጠቅማል?" ቢባል አፋጣኝ መልስ የለውም። ቢሆንም ሥራን ከራስ ለይቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው፤ ልምምዱም ከትንሽ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ሥራውን የሚያየው ሰው አመራረጥ ወሳኝ ነው። ሁሉን የምታደንቅ እናት ለፍቅር እንጂ ለምዘና አትመችም፤ ሁሉን የሚያጣጥል ጓደኛም እንዲሁ። የሚመረጠው ያየውን በግልጽ የሚናገር ሰው ነው። ለእርሱም "ቆንጆ ነው?" ከሚለው ጥያቄ ይልቅ "መጀመሪያ ዓይንህ ያረፈው የት ላይ ነው?" ማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል። ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት ሥዕሎችን ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ በአንድ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ መስቀል፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ መጠየቅ ወይም የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይቻላል። በበዓል ሰሞን ሰው ስለሚሰበሰብ ጊዜው ይመቻል። በስልክ ለማሰራጨት ለሚፈልግ ደግሞ ሥዕሉን ጠዋት በጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ ማንሣት ቀለሙን ሳያዛባ ያወጣዋል።

"ሥራዬን ይሰርቁብኛል" የሚለው ስጋትም ብዙዎችን ያግዳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ እንደተፈጠረ፣ ምዝገባ ሳይጠይቅ ጥበቃ ይሰጠዋል። የሥዕል ኢኮኖሚያዊ መብት በሠዓሊው ዕድሜ ልክና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ስለሚያስፈልግ ግን በሥዕሉ ላይ መፈረም፣ ከጀርባው ዓመተ ምሕረቱን መጻፍና ከማሳየት በፊት ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ ይበጃል። ሥዕሉን ለሻይ ቤት ወይም ለሆቴል የሚሰጥ ሰውም ስንት ሥዕል እንዳስረከበ፣ ዋጋቸውንና የሚመለሱበትን ቀን በአንድ ገጽ ጽፎ ቢያስፈርም ከባለቤቱ ጋር ከመቀያየም ይድናል።

ስሙን ማውጣት ለሚከብደው ሰውም ሕጉ በር አልዘጋም። ሠዓሊው ባለቤትነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ሁሉ ስሙን ሳይገልጽ ወይም በሌላ ስም ሥራውን ማቅረብ ይችላል። በአንድ ትንሽ ከተማ፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት ሰፈር፣ የመጀመሪያዋን ሥዕል ያለ ስም ሰቅሎ ሰው ምን እንደሚል ከጥግ ተቀምጦ ማዳመጥም አንድ አጀማመር ነው።