የሞተር መጋል ከኤሌክትሪክ ጉድለት ሲመጣ እንዴት ይታወቃል?

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለአባላት የሚያደርሱበት ወቅት መኪናዎቻቸውም እጅግ የሚደክሙበት ወቅት ነው። መኪናው ጭነት ይዞ በገበያ መካከል በዝግታ ሲሄድ ወይም ሞተሩ ሳይጠፋ ጭነት ሲራገፍ የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ መስመር ይወጣል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ራዲያተሩን ማሳጠብ፣ ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል፣ ይህም ካልበጀ ቴስታታውን ማስፈታት ነው። ጉድለቱ ከአንድ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም ከላላ ሽቦ የመጣ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ የአባላት ገንዘብ ያለ ጥቅም ይወጣል። ስለዚህ መኪናው ወደ ጋራዥ ከመላኩ በፊት የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ንብረት ኃላፊዎች ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ምርመራ ከዚህ ቀጥሎ ተገልጿል።

በቅድሚያ የቬንቲሌተሩን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ የእርሻ ትራክተሮችና እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባሉ የዲዝል ፒክአፖች ላይ ቬንቲሌተሩ የሚዞረው በራሱ በሞተሩ ጉልበት ነው። በእነዚህ ላይ ቺንጋው ደኅና ከሆነ የኤሌክትሪክ ጉድለት በአብዛኛው የሚያሳስተው ጠቋሚውን ብቻ ነው። ሞተራቸው በአግድም የተቀመጠ፣ በፊት ጎማ የሚነዱ እንደ ቶዮታ ኮሮላ ያሉ አውቶሞቢሎች ግን ቬንቲሌተራቸው በኤሌክትሪክ ይሠራል። ችግሩ የሚበዛው በእነዚህ ነው።

ሞተሩ በእርግጥ ግሏልን?

ጠቋሚው የሚናገረው በሽቦ የደረሰውን ነው እንጂ ሙቀቱን በዓይኑ አይቶ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ መኪና ቁልፉ እንደተከፈተ ወዲያው ቀዩን ካሳየ ውሸት ነው፤ በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ የሞቀ ውሃ ሊኖር አይችልም። በዚህ ጊዜ የጠቋሚውን ሴንሰር ሽቦ ከሞተሩ ላይ መንቀል ነው። ባለ አንድ ሽቦ በሆነው የቆየ ዓይነት ላይ ሽቦው ሲነቀል ጠቋሚው ወደ ቀዝቃዛው ከወረደ ጉድለቱ ሴንሰሩ ላይ ነው። ሽቦው ተነቅሎም ቀዩ ላይ ከቆየ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ብረት ነክቷል፣ ወይም ራሱ ጠቋሚው ተበላሽቷል።

ሌላው ምልክት የፊት መብራት ሲበራ ጠቋሚው መዝለሉ ነው። የውሃ ሙቀት በአንድ ቅጽበት አይለወጥም። እንዲህ ያለው መዝለል የሚያመለክተው የላላ ወይም የዛገ የማሳ ግንኙነትን ነው። (መካኒኮች ማሳ የሚሉት ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ሽቦ ነው፤ የሚታረሰው ማሳ አይደለም።) በመልቲሜትር ሲለካ፣ መብራቶቹ በርተው በባትሪው ነጌቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ያለው ልዩነት ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ሽቦው ተፈትቶ፣ ጫፎቹ ተፍቀው እንደገና መታሰር ይገባቸዋል።

መቼ ነው የሚግለው?

መኪናው በእርግጥ የሚግል ከሆነ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ የሚጠቅመው ሾፌሩን በሚገባ መጠየቅ ነው። ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ግሎ ወደ አውራ ጎዳና ሲወጣ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ነፋሱ የቬንቲሌተሩን ሥራ እየሠራለት ነውና ቬንቲሌተሩን መጠርጠር ነው። ዳገት ሲወጣ ወይም በፍጥነት ሲሄድ የሚግል ከሆነ ግን ጥፋቱ ከራዲያተሩ፣ ከተርሞስታቱ ወይም ከውሃ ፓምፑ ነው፤ ሽቦ መፈተሽ ጊዜ ማባከን ይሆናል።

በደጋ ለሚሠሩ አንድ ነገር መጨመር አለበት። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን አምቆ ስለሚይዝ ይህ በደኅና መኪና ላይ አይታይም። ብዙዎቹ ቬንቲሌተሮች ሥራ የሚጀምሩት ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሆነ ክዳኑ ከላላ ቬንቲሌተሩ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ሊፈላ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ኤሌክትሪኩ ንጹሕ ነው፤ ክዳን መለወጥ ይበቃል።

ቬንቲሌተሩን መመርመር

ማስጠንቀቂያ፦ ቬንቲሌተሩ ሞተሩ ጠፍቶም በድንገት ሊነሳ ስለሚችል እጅ ከማስገባት በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ፊውዙ መጀመሪያ ይታያል። የፊውዙ ቤት ቀልጦ ወይም ጠቁሮ ከተገኘ ፊውዙን ብቻ መለወጥ አይበቃም፤ ግንኙነቱ ላልቶ ይግል ነበር ማለት ነውና ቤቱም ይለወጥ። ቀጥሎ የቬንቲሌተሩ መሰኪያ ተነቅሎ፣ ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ኃይል ይሰጠዋል። ካልዞረ የራሱ ሞተር ተበላሽቷል። ከዞረ ጉድለቱ ወደ ኋላ ነው። ሪሌውን ተመሳሳይ ቁጥርና እግር ካለው ከሌላ ሪሌ ጋር ቦታ አለዋውጦ መሞከር ምንም ወጪ የለውም።

ከዚያ የሙቀት ሴንሰሩ ይመጣል። በብዙ መኪናዎች ላይ ቁልፉ ተከፍቶ የሴንሰሩ መሰኪያ ሲነቀል ቬንቲሌተሩ ለጥንቃቄ በራሱ ይነሳል፤ በሌሎች ላይ የሚነሳው የመሰኪያው ሁለት ሽቦዎች ሲገናኙ ነው። ኮምፒዩተር ባለው መኪና ላይ ግን ሽቦዎቹን ከማገናኘት በፊት የመኪናው መመሪያ ይታይ። በዚህ ሙከራ ከተነሳ ሪሌውም፣ ሽቦውም፣ ቬንቲሌተሩም ደኅና ናቸው። ይህም ሆኖ ሴንሰሩን ከመለወጥ በፊት የውሃው መጠን ይታይ፦ ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ በእንፋሎት ውስጥ ከቀረ ሙቀቱን በትክክል አያነብም።

ኮምፒዩተር ያላቸው መኪናዎች

በእነዚህ ላይ ሴንሰሩ ለኮምፒዩተሩ «ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ከዋሸ ሁለት ጉዳት ይደርሳል፤ ቬንቲሌተሩ አይነሳም፣ ቤንዚኑም ይበዛል። ስለዚህ መጋልና ጥቁር ጭስ አብረው ሲታዩ ሴንሰሩ ይጠርጠር። ፈትቶ በውሃ ውስጥ መለካት ይቻላል። የብዙዎቹ ሴንሰሮች ተቃውሞ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም ሲሆን በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም ገደማ ይወርዳል። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ቁጥሩ ሳይዘል በዝግታ መውረድ አለበት።

ጋራዡ ኮድ ማንበቢያ ካለው ፒ 0117 ወይም ፒ 0118 ሊያሳይ ይችላል። የመጀመሪያው ከሴንሰሩ የሚመጣው ቮልት ከመጠን በታች መሆኑን፣ ሁለተኛው ከመጠን በላይ መሆኑን ይናገራል። ሽቦው ብረት ሲነካ የመጀመሪያው፣ ሲበጠስ ሁለተኛው ይወጣል። «ሴንሰሩን ለውጡ» የሚል ኮድ ግን የለም፤ ሽቦውና መሰኪያው ሳይታዩ አዲስ ሴንሰር እንዲገዛ የሚያዝን መካኒክ ማኅበሩ እንዲያስረዳ መጠየቅ አለበት።

ቬንቲሌተሩን ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ አያይዞ መተው በየቦታው ይታያል፤ ሽቦው ሲግል መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል። መንገድ ላይ ግድ ከሆነ ፊውዝ ገብቶበት እስከ ጋራዥ ብቻ ይሁን። ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም ቢሆን በደጋ ሞተሩን ዘወትር ቀዝቃዛ ያደርገዋል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩንም ያስበላል።

መኪናው ወደ ጋራዥ ሲላክ ከሾፌሩ ጋር አንድ ወረቀት ይሂድ፦ መቼ እንደሚግል፣ መብራት ሲበራ ጠቋሚው ምን እንደሚሆን፣ ቬንቲሌተሩ ከባትሪ በቀጥታ ዞሮ እንደሆነ፣ የተለወጠ ፊውዝ ካለም ስንት አምፔር እንደነበረ ይጻፍበት።