በሁለት ጎማ ወደ ጮቄ፦ የሮብ ገበያ መንገድ ለጀማሪ ብስክሌተኛ

ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ድንችና ገብስ የተጫኑ አህዮች፣ በግ የሚነዱ ልጆች፣ ዱላቸውን በትከሻቸው ያጋደሙ ጎልማሶች፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ከስናን ወረዳ መንደሮች ወደ ከተማዋ ይጎርፋሉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ብስክሌት ይዤ ከደብረ ማርቆስ ወደዚያ የወጣሁት፣ ቀኑን ሳላሰላ፣ በገበያው ዕለት ነበር። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግማሹን ጊዜ ግን ያሳለፍኩት አህያ በማሳለፍ ነው።

አንድ ዳገት ላይ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ደረሱ። እኔ ፔዳል እመታለሁ፣ እርሳቸው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ፍጥነታችን እኩል ነው። ትንፋሼ ሲቆራረጥ ሰምተው «ልጄ፣ ዳገት በችኮላ አይወጣም፤ ቀስ በል» አሉኝ። ብስክሌት ነድተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ለጀማሪ ከሚሰጠው ምክር ሁሉ የሚበልጠውን የነገሩኝ ግን እርሳቸው ናቸው። ዳገት ላይ ማርሹን አስቀድሞ ማቅለል ያስፈልጋል። ሰንሰለቱን ከፊት ትንሹ ጥርስ ላይ፣ ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ማድረግ ማለት ነው። እግር ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ ጉልበት ግን በአንድ ጊዜ አይወጣም። ከባድ ማርሽ ይዞ ዳገት የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ያሸንፋል፣ የቀሩትን ግን ብስክሌቱን እየገፋ ይጨርሳቸዋል።

ጎጃም ለብስክሌተኛ ካላት ሁሉ የሚበልጠው ከፍታዋ ነው። የዓባይ ድልድይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,050 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለ ስኮትላንድ ደጋና ሐይቆች የብስክሌት መንገዶች ብዙ ይወራል፤ መንገዶቹ ውብ መሆናቸው አያጠያይቅም። የዚያ አገር ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ ግን 1,345 ሜትር ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ከቤቱ ደጃፍ ብስክሌቱ ላይ ገና ሲወጣ ከዚያ ጫፍ በ1,100 ሜትር ይበልጣል።

ይህን ከፍታ አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፍለውታል። በመኪና የሚሄድ ሰው ማሽላው የት እንደቀረ፣ ጤፉ ከየት ጀምሮ ቦታውን ለገብስ እንደለቀቀ ሳያይ ያልፋል። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ግን በእግሩ ያውቀዋል፤ በትንፋሹና በጆሮው ቅዝቃዜም ያውቀዋል።

ታች ያለው የዓባይ በረሃ በዓለም ብስክሌተኞች ዘንድ ስም ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚዘልቀው የብስክሌት ጉዞ በኢትዮጵያ ሲያልፍ፣ ብስክሌተኞቹ አስቀድመው ከሚያስቡባቸው ቀናት አንዱ ይህን ሸለቆ የሚሻገሩበት ነበር። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ ከተከፈተው የህዳሴ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ደጀንም ይሁን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ ሰው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ሽቅብ ይጠብቀዋል። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ሙቀቱና ከባድ መኪናው ሲጨመርበት ለጀማሪ አልመክረውም። መጀመር ያለበት ከላይ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው።

በአገራችን የብስክሌት ውድድር ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ኦሊምፒክ የጎዳና ውድድር 24ኛ ወጥቷል። የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በሜዳማዋ ባሕር ዳር ደግሞ ብስክሌት ሥራና ትምህርት ቤት መሄጃ ነው። የጎጃም ደጋ ልጆች በዚህ ከፍታ ተወልደው አድገው ብስክሌት ቢያገኙ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ ሳስብ ልቤ ይመታል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ስትወጡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የባሕር ዛፍ ጥላ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ደን ይመስላል፤ ነገር ግን ገበሬው ለማገዶ፣ ለቤት ሥራና ለሽያጭ የተከለው ነው። እውነተኛውን የአገሩን ደን ማየት የፈለገ ቤተ ክርስቲያን ይፈልግ። ከሩቅ በተራቆተው ኮረብታ ላይ ክብ ሆኖ የጠቆረ ነገር ከታየ፣ መሐሉ ላይ ጉልላት አለ። እዚያ ዘመን የጠገቡ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ቆመዋል። አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ቅጥር በር አጠገብ ብስክሌቴን አስደግፌ ቆሜ ነበር። ከኋላዬ ፀሐይና አቧራ ነው። በሩ ላይ ግን የረጠበ ቅጠል ሽታ፣ የወፍ ድምፅና ላብን በቅጽበት የሚያደርቅ ቀዝቃዛ አየር አገኘሁ። በሩና መንገዱ የሚራራቁት አሥር እርምጃ ነው። ኮረብታው በአንድ ወቅት እንዲህ እንደነበር ለማመን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከሮብ ገበያ በላይ መንገዱ ጮቄን ተሻግሮ ወደ ድጓ ጽዮንና ወደ ሞጣ ይዘልቃል። እዚህ እርሻው ድንችና ገብስ ነው። ከዚያ በላይ አምጃና አስታ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ይመጣሉ፤ ቀጥሎ የጓሳ ሣር፣ በመጨረሻም ጅብራ። ጅብራን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ብስክሌቱን ሳያቆም ማለፍ አይችልም። ዓመታት ሙሉ ቅጠሉን እንደ ጽጌረዳ ዘርግቶ ይቆያል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚረዝም የአበባ ግንድ ያወጣና ዘሩን በትኖ ይደርቃል። በእርጥቡ ሣር መሐል ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ጨሞጋ፣ ሙጋና ሌሎችም ብዙ ወንዞች የሚነሡት ከዚህ ተራራ ነው፤ መድረሻቸውም ያ ታች የተውነው ዓባይ ነው።

በ4,000 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያስገባው ሦስት አምስተኛውን ያህል ነው። ብርዱም ከደብረ ማርቆስ በ10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሰው ደብረ ማርቆስ ሁለት ሌሊት ይደር፤ ሦስተኛው ቀን ሮብ ገበያ ደርሶ ይመለስ፤ ጮቄን ከዚያ በኋላ ያስብ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው መድኃኒቱ መውረድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡና ጭጋጉ መንገድ አያሳዩም፤ ጥቅምትና ኅዳር ግን ሰማዩ የጠራ፣ ማለዳው ውርጭ ነው። ከመነሣት በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአገሬው ሰው መጠየቅ የሚዘለል ጉዳይ አይደለም።

ሐይቅ ለሚወድ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ እንጅባራ ይደረሳል። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው በደን የተከበበ ሲሆን ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። በሁለት ቀን ተከፍሎ የሚሄድ፣ ለጀማሪም የሚቻል ጉዞ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ከቀርከሃ የተሠራ ወንበርና አልጋ ያያሉ፤ ጥር 23 የደረሰ ሰው ደግሞ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያገኛል።

ለሁለቱም መንገድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያ፣ የሰንሰለት ዘይትና ወፍራም ጓንት ያዙ። ጓንቱ ለመውጣት አያስፈልግም፤ ለመውረድ ነው። ከጮቄ ሲወርዱ እግር ያርፋል፣ ላቡም በነፋስ ይቀዘቅዛል። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬን መያዝ ያቅታል። ፍሬኑንም ሳያቋርጡ ከያዙት ይግላል፤ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው። እኔ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ እየቆምኩ እጄን ብብቴ ውስጥ አሞቃለሁ።

በዚያ ረቡዕ ሮብ ገበያ ስደርስ ገበያው እየተበተነ ነበር። ብስክሌቴን ከአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ አስደግፌ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሽማግሌው ባዶ አህያቸውን እየነዱ በደጃፉ ሲያልፉ አዩኝና «ደረስክ?» አሉኝ።

«ደረስኩ አባቴ» አልኳቸው።