የሚወድቅ መበየጃ አይቀለብም

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ብሎኝ መገናኛ አካባቢ ካሉት ጠባብ የጥገና ሱቆች ወደ አንዷ ጎራ አልኩ። ሠሪው በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። ስልኩን ፈትቶ መበየድ ሲጀምር "ወንድሜ፣ ቶሎ በልልኝ፣ እቸኩላለሁ" አልኩት። ይቺን ሦስት ጊዜ ብያለሁ። በሦስተኛው ቀና ብሎ አየኝና መበየጃውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ወረንጦ ፍለጋ ዞረ። ማስቀመጫ የለውም። ገመዱ ሳበው፣ መበየጃው ተንከባለለ፣ ልጁም እንደማንኛውም ሰው የሚወድቀውን ነገር ቀለበው። በብረቱ በኩል።

የመበየጃ ጫፍ ሥራ ላይ ሲሆን 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። 60 ዲግሪ የሞቀ ነገር እንኳ ቆዳን ክፉኛ ለማቃጠል ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ችግሩ ደግሞ ብረት ቀልቶ የሚታየው ከ500 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በታች ትኩሱም ቀዝቃዛውም አንድ ነው መልኩ፤ ከሶኬት ነቅለኸው ደቂቃዎች ካለፉም በኋላ ሊያቃጥልህ ይችላል።

ከጎረቤት ሱቅ አንዱ የጥርስ ሳሙና ይዞ ሮጠ፤ እኔም ስቀባ አግዣለሁ (ዲግሪ አለኝ እንግዲህ!)። ክሊኒክ ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው ያንን ማጠብ ነው። ቃጠሎ የሚፈልገው ቀዝቃዛ የሚፈስ ውኃ ነው፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካንም ቢሆን እያንቆረቆሩ። በረዶ፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል አይሆንም። ቀለበት ካለ ሳያብጥ ይውለቅ፣ ውኃ የቋጠረው አይፈንዳ። እጅና ፊት ከሆነ ደግሞ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ይየው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ኤክስተርናሊቲ የሚባል ነገር ነበር፤ ውሳኔው የአንዱ፣ ወጪው የሌላው። ፈተና ላይ የፋብሪካ ጭስ ብዬ ነበር ምሳሌ የሰጠሁት። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ጣቱና መዳፉ የተላጠው የእሱ። ለጥገናው ልከፍል የነበረው ብር ማስቀመጫውን ይገዛ ነበር፤ እሱ ግን ስንት ቀን ሥራ ፈታ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት የሚያወራው ለተቀጠረ ሰው ነው። የራሱ አለቃ ለሆነ ልጅ ካሳ የሚከፍለው ማን ነው? የቤት ኪራዩ ግን አይጠብቅም።

የክሊኒኩን እኔ ከፍያለሁ። ይሄን የምለው እንድታመሰግኑኝ አይደለም፣ ትንሹ ወጪ እሱ ስለነበር ነው።

ስልኬ አሁንም እሱ ጋ ነው፤ ይህን የምጽፈው በእህቴ ስልክ ነው። ትናንት እጁ እንዴት እንደሆነ ልጠይቀው ደወልኩ። ገና ሰላም ስለው ስልኩን ልጠይቅ የደወልኩ መስሎት "ይቅርታ ወንድሜ፣ ትንሽ ብቻ ታገሰኝ፣ ቶሎ አደርስልሃለሁ" አለኝ።