የጎልፍ ዱላና የአባልነት መዝገብ

«ለጅማና ለአጋሮ ሰው ጎልፍ ምኑ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ጥቂት ታገሡኝ። እንግሊዝኛው የጎልፍ መምቻ ዱላውንም፣ ተጫዋቾቹ የሚሰባሰቡበትን ማኅበርም በአንድ ቃል «ክለብ» ይላቸዋል።

ዱላውስ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በገና ጨዋታ ጫፉ ቆልማማ የሆነ እንጨት ቆርጦ የመጣ ሁሉ ሩሯን ይመታል፤ መታወቂያ የሚጠይቀው የለም። ጌታና ሎሌ እንኳ በዚያ ቀን እኩል ይጋፉ ነበር። የጎልፍ ተጫዋች ግን እስከ 14 ዱላ ይዞ ይገባል፤ አንዱ ለሩቅ መምቻ፣ ሌላው ከረጅም ሣር ማውጫ፣ ሌላው ኳሷን ቀስ አድርጎ ወደ ጉድጓዱ መግፊያ ነው። ይህን ሁሉ መግዛት የቻለ ሰውም ቢሆን ክለቡ ካልተቀበለው አባል አይሆንም።

በስኮትላንድ ሚውርፊልድ የሚጫወተው ክለብ እ.ኤ.አ. በ1744 የመጀመሪያዎቹን የጎልፍ ደንቦች የጻፈ ነው። ሴቶች በእንግድነት ይጫወቱበት ነበር፤ አባል ግን አይሆኑም። በ2016 ጉዳዩ ለድምፅ ቀርቦ 64 ከመቶው ቢደግፍም፣ ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ ወደቀ። ክለቡ ታላቁን የኦፕን ውድድር የማስተናገድ ዕድሉን ሲነጠቅ ግን በ2017 ሐሳቡ አለፈ። ከ273 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! ሚስት በዚያው ሣር ላይ ትመታለች፤ ስለ ሣሩ ሲወሰን ግን ወንበር አልነበራትም።

በፈረንጆቹ ከመሳቃችን በፊት ወደ ጎማና ወደ ሊሙ የቡና ማሳ እንምጣ። ቀዩን ቡና የምትለቅመው፣ አልጋ ላይ አስጥታ የምታገላብጠው ማን ናት? በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው የባል ስም ብቻ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ያለው አባል ነው፤ የትርፍ ክፍፍሉም የሚወጣው በአባሉ ስም ነው። መሬቱንማ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ከሆነ ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር።

ጣጣው የሚታየው ባል ድንገት ሲሞት ነው። ከሐዘን ያልተነሣች ሴት ወራሽነቷን እያስመሰከረች ለገዛ ልፋቷ ደጅ ልትጠና ትችላለች።

ባሎች ሆይ፣ አትቆጡ፤ አብዛኛው በክፋት የተደረገ አይደለም። ሲመዘገብ «አባወራው ማን ነው?» ስለተባለ ነው። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አብራችሁ አንብቡ። ባልንና ሚስትን በየግላቸው ይቀበላል? መመዝገቢያውና ዕጣው ስንት ብር ነው? ወራሽ ተብሎ የተጻፈውስ ማን ነው? ማንም ካልተጻፈ፣ ጸሐፊው ቢሮ የሚገባበትን ቀን ጠይቁና ሁለታችሁም መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ።