ዱቄት የለበሰ ሥጋ ሲያድር

ይህን ወረቀት ይዛችሁ የምታነቡትም ጣታችሁን ከቃሉ ሥር እያስኬዳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተከተሉን። ዛሬ የምንነጋገረው ተበስሎ ስለሚያድር ሥጋ ነው።

ትየርኪዲ በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ ያለ የስደተኞች መጠለያ ነው። የተከፈተው በደቡብ ሱዳን ጦርነት በተነሣበት ዓመት፣ በ2006 ዓ.ም. ነው። አገሩ ቆላ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ኢታንግ ባሮ ወንዝ ዳር ስለሆነች ዓሣ አለ። ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ሥጋ ይገዛል። ዓሣውም ሥጋውም ዱቄት ለብሶ በዘይት ሲጠበስ ይጣፍጣል። ታዲያ አንድ ሰው «ዱቄት ከለበሰማ ያድራል፣ አይበላሽም» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ቤተሰብ ያሳምማል።

በመጀመሪያ ዱቄቱን እንመልከት። አንድ ማንኪያ የበቆሎ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና ተዉት። ከታች ይዘቅጣል። ያንኑ እሳት ላይ ጥዳችሁ አማስሉት። ይወፍራል፣ ሙቅ ይሆናል። ይህን የሚያደርገው በእህሉ ውስጥ ያለው ስታርች የሚባለው ነገር ነው። ከእንሰት የሚወጣው ነጩ ቡላ አብዛኛው ስታርች ነው። የስታርች ቅንጣቶች ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ውሃ ይጠጣሉ፣ ያብጣሉ፣ እርስ በርስም ይያያዛሉ።

አሁን ወደ ሥጋው እንምጣ። ጥሬ ሥጋ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ውሃ ነው። እሳት ሲነካው ይኮማተራል፣ ውሃውንም ያወጣል። አንድ ኪሎ ሥጋ ጠብሳችሁ ብትመዝኑት ሩብ ያህሉ ጎድሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሥጋው ዱቄት ከለበሰ ግን ስታርቹ ከሚወጣው ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ በሥጋው ላይ እንደ ቀጭን ልብስ ይሆናል። ስለዚህ ሥጋው ቶሎ አይደርቅም።

ሌላም ጥቅም አለ። የበሰለ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ሲሞቅ ያረጀ ቅባት የሚመስል ጣዕም እንደሚያመጣ ታውቁ ይሆናል። ምክንያቱ አየር ነው። ሥጋ ሲበስል በውስጡ ያለው ብረት ይለቀቃል። ያ ብረት አየርና ቅባት እንዲዋሃዱ ያፋጥናል፣ ቅባቱም ይሻግታል። የስታርች ልብስ አየሩን በተወሰነ ደረጃ ይከለክላል። ውሃን በመከልከል ግን ደካማ ነው። ለዚህ ነው የምግብ ተመራማሪዎች ስታርቹ ላይ ዘይት ወይም የንብ ሰም እየጨመሩ የሚሞክሩት። የጥብስ ቅጠልም ቅባት እንዳይሻግት ይረዳል፤ እናቶቻችን ግን ለሽታው ብለው ነበር የሚጨምሩት።

እንግዲህ ጥሩ ጥሩውን ነገርናችሁ። ገንፎ አሳድራችሁ ታውቃላችሁ? በማግሥቱ ይጠጥራል፣ ዳር ዳሩንም ውሃ ያቋጥራል። የትናንት እንጀራም ይደርቃል። ሁሉም የስታርች ሥራ ነው። የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ የጠጣውንም ውሃ ይተፋል። ስለዚህ ዱቄት ለብሶ የተጠበሰ ሥጋ ወይም ዓሣ ፍሪጅ ሲያድር ልብሱ አይንኮሻኮሽም። ውጪው እርጥብ ጨርቅ ይመስላል፣ ሲነኩትም ይላጣል። ከካሳቫ የወጣ ስታርች ከበቆሎው ይልቅ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ውሃውን ቶሎ አይተፋም።

ይህ ሁሉ የጣዕም ጉዳይ ነው። ዋናው ነገር በዓይን የማይታዩት ተሐዋስያን ናቸው። ዱቄት አይገድላቸውም። እንዲያውም ስታርች ለእነርሱ ቀለብ ነው። በሙቀት አንዱ በ20 ደቂቃ ሁለት ሊሆን ይችላል። እስቲ እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። በ1 ሰዓት 8 ይሆናል። በ2 ሰዓት 64። በ4 ሰዓት 4,096። በ7 ሰዓት ከ2 ሚሊዮን በላይ! ማታ በልታችሁ የተረፈውን ድስት ውስጥ ከድናችሁ ብታሳድሩት፣ እስኪነጋ ስንት ሰዓት እንደሆነ እናንተው ቁጠሩ።

«ጠዋት በደንብ አሞቀዋለሁ» ትሉ ይሆናል። ማሞቅ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉን አያድንም። ከሰው እጅ፣ ከአፍንጫና ከቁስል ወደ ምግብ የሚገባ አንድ ዓይነት ተሐዋሲ አለ። ምግቡ ላይ መርዝ ይተዋል። ተሐዋሲው ሲፈላ ይሞታል፤ መርዙ ግን ቢፈላም አይጠፋም። በእህልና በዱቄት የሚገኝ ሌላም አለ፤ ጠንካራ ቅርፊት አበጅቶ ከእሳት ይተርፋል፣ ምግቡ ለብ ሲል ደግሞ ይነሣል። ሽታው ሳይለወጥ፣ ሥጋው ያማረ መስሎ፣ ልጆቹን ያስታውካል፣ ያስቀምጣል። በቆላ ሙቀት ትንሽ ልጅ ተቅማጥና ትውከት ሲይዘው ውሃው ቶሎ ያልቅበታል። ይህን እንደ ቀላል አትዩት።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ ይላል። እንደ ትየርኪዲ ባለ ሙቀት ከዚያም ማሳጠር ይሻላል። ፍሪጅ ካለ ቅዝቃዜው ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን። ትልቁን ሥጋ ቆራርጣችሁ፣ በጠፍጣፋ ዕቃ ዘርግታችሁ፣ ከድናችሁ አስገቡት። ትልቅ ሥጋ መሀሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ሻይ ቤት ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ ሥጋውን ያለ ዱቄት አብስላችሁ አቀዝቅዙት። ዱቄቱን በማግሥቱ፣ ደንበኛው ሲያዝ አልብሳችሁ፣ መሀሉ እስኪተናነፍ ጥበሱት። ልብሱም ይንኮሻኮሻል።

ፍሪጅ ከሌለስ? ለዕለቱ የሚበቃችሁን ብቻ አብስሉ። የተረፈውን ጥሬ ሥጋ በቀጭኑ ዘልዝላችሁ፣ ጨውና በርበሬ ነስንሳችሁ፣ ዝንብ በማይደርስበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስቀሉት። ቋንጣ የሚቆየው ውሃው ስለወጣ ነው። ዓሣም ሆዱ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ጨው ተነስንሶበት በፀሐይ ከደረቀ ይቆያል። ዝናብ ሲያስገመግም ግን ቶሎ አውርዳችሁ ወደ ቤት አስገቡት፤ እርጥብ ቋንጣ ይሻግታል።